እስከ ቁርጭምጭሚት የወጣ ሂና

«ሬሕማ እኮ ባል አላት።»

ሉጥፊያ ይህን ስትናገር ስንተኛ ጊዜዋ እንደሆነ እሷም ቆጥራ አትዘልቀው። ለዳቦ ጋጋሪው ነግራዋለች፤ በአህያ ጋሪ አትክልት ለሚያዞረው ሰውዬ ነግራዋለች፤ ሐጃ ሙኒያ በራቸው ላይ ለመንገደኛ ካስቀመጡት የሸክላ ዚር ውኃ ሊጠጣ ጎንበስ ላለ፣ ሬሕማ የምትባል ሴት በዓለም ላይ መኖሯን ለማያውቅ ሰው ሳይቀር ነግራዋለች። ካርቱም ውስጥ የአል-ሳሃፋ ሰፈር ሴቶች ሂና ሠሪ እሷ ናት፤ ሂናዋን በዘንቢል፣ ወሬዋን በምላሷ ይዛ ነው ከቤት ቤት የምትገባው።

ሬሕማ ወሬውን የሰማችው ደጁን ስትጠርግ ነው። መልስ አላጠራትም፤ የከሚሴ ልጅ መልስ አያጥራትም። ግን ዝም አለች። አንደኛ ነገር፣ ባል አላት ከተባለች ወዲህ የባለ ሦስት እግሩ ረክሻ ነጂዎች «ያ ሐበሺያ» እያሉ መከተላቸውን ትተዋታል፤ ወሬው እንደ ጃንጥላ አገለገላት። ሁለተኛ ነገር፣ መንገድ ዳር ቆሞ «ኧረ ባል የለኝም» ብሎ ማስረዳት፣ ባል ፈልጉልኝ ብሎ ከመጮህ በምን ይለያል? እሷን ያቃጠላት ሌላ ነው። ከዐረፋ ወዲህ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ጂብሪል አንዴም ቀና ብሎ አላያትም።

ጂብሪል የሐጃ ሙኒያ አንድ ልጅ ነው፤ ሬሕማ የቤታቸው ሠራተኛ ናት። ነገሩ ሁሉ ከዚህች ዓረፍተ ነገር ይጀምራል፤ በብዙ ሰው አስተያየት ደግሞ እዚህችው ላይ ማለቅ ነበረበት።

ቤቱ ሰማያዊ የብረት በርና እነሱ «ሖሽ» የሚሉት ሰፊ የአፈር ግቢ አለው። መካከሉ ላይ አንድ የኒም ዛፍ፣ ከሥሩ በገመድ የተጠለፉ ሦስት አልጋዎች። ያን ጊዜ አል-ሳሃፋ መብራቷ እንጂ ሰዎቿ ገና አልጠፉባትም፤ ጦርነቱ ሊመጣ ዘጠኝ ወር ይቀረው ነበር። ሐጃ ሙኒያ ከወሎ ወጥተው ካርቱም ከገቡ ሠላሳ አምስት ዓመታቸው ነው። ሱዳናዊ የትምህርት ቤት አስተማሪ አግብተው፣ ልጅ ወልደው፣ ባላቸውን ቀብረው፣ የቤት እመቤት ሆነው ሲያበቁ፣ የባላቸው ዘመዶች ዛሬም ሲያነሷቸው «ሐበሺያዋ» ነው የሚሏቸው። ስለዚህ ሐጃ ቆርጠዋል። ጂብሪል የአጎቱን ልጅ ከመደኒ ከተማ ያመጣል፣ ኻላስ፣ አለቀ፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ምንም አይላቸውም።

ጂብሪል ግን የሚውለው ዐማራት ሰፈር ካለ መድኃኒት ቤት፣ የሚያስበው ደግሞ ከሖሹ ነበር። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ለድመት እንኳ መንገድ የሚለቅ ዓይነት ሰው ነው። የእናቱን ቋንቋ በጆሮው ይዞታል እንጂ በአፉ ሲያወጣው የአራት ዓመት ሕፃን ያስመስለዋል፤ ፊደሉንማ ጭራሽ አያውቀውም። አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ሬሕማ አቧራው እንዲረጋ ሖሹን በውኃ ጎማ ስትረጭ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ አጠገቧ ቆመና የእናቴን ፊደል አስተምሪኝ አላት። ይህን ለመጠየቅ ሦስት ወር እንደፈጀበት በኋላ ነው የነገራት።

እሷ ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው። ቀሪውን፣ ስኳር የተጠቀለለበትን ወረቀት ሳይቀር እያነበበች፣ ራሷን በራሷ ነው ያስተማረችው። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ሰው አስተምሪኝ ሲላት ደስታዋን ደበቀችና፣ የጎማውን አፍ በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ፣ በቀጭኑ ውኃ ደረቁ መሬት ላይ «ሀ»ን ጻፈችለት። በካርቱም ፀሐይ አንድ ፊደል ዕድሜው እስከ ሃያ ቢቆጠር ነው፤ ምድር ከመጠጣቷ በፊት ማንበብ አለበት።

እንዲህ ጀመሩ። እሱ በበኩሉ የመድኃኒት ካርቶን እያመጣ ዐረብኛ ያስነብባታል፤ እሷም የተማረችውን በደብተሯ ትገለብጣለች። «ለ» ላይ ተሳሳቁ፤ «መ» ላይ ዝም ተባባሉ። «ረ» ላይ ሲደርሱ ሰባቱንም ደርድራ ጻፈችለት። ጂብሪል አንድ በአንድ አነበበና አምስተኛዋ ላይ ቆመ።

«ሬ» አለ። «ይቺን እኔ እወስዳለሁ።»

ምድር ፊደሏን ጠጣቻት። ሬሕማ ግን ያችን ቦታ ሳምንት ሙሉ አልረገጠቻትም፤ ስትጠርግ እንኳ ዞራ ነበር የምታልፋት።

ሐጃ ሙኒያ ይህን ሁሉ ከማድ ቤቱ መስኮት ያዩ ነበር። አልተናገሩም። ብቻ ከዚያ ወዲህ ሖሹ ሲረጭ የዱዓ መቁጠሪያቸውን፣ መስበሓቸውን፣ ይዘው ከኒሙ ሥር መቀመጥ አዘወተሩ።

ለዐረፋ ዋዜማ ሉጥፊያ መጥታ የሐጃን እጅና እግር ሠራች። ስትጨርስ ሐጃ በአገጫቸው ወደ ሬሕማ አመለከቱ።

«እሷንም። እግሯንም ጭምር።»

ሉጥፊያ እጇ ላይ ያለውን ሂና ይዛ ቆመችና በዐረብኛ አንድ ነገር ጠየቀች፤ ሐጃ ዝቅ ባለ ድምፅ መለሱላት። ፈጠን ያለ ንግግር ነበርና ሬሕማ አልያዘችውም። ለመያዝም አልሞከረች። ከሚሴ ለዒድ ከሰባት ዓመቷ ልጅ እስከ ሰባ ዓመቷ አሮጊት ሂና ይቀባሉ፤ ምን የሚጠየቅ ነገር አለው? እሷን የገረማት ሌላ ነው። ሂናው እስኪደርቅ ሐጃ እግሯን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በሰሌን ማራገቢያ አራገቡላት። ካርቱም ከገባች አሥራ አራት ወሯ፤ እግርሽን ደክሞሻል ወይ ያላት ሰው አልነበረም። ሬሕማ ዓይኗን ወደ ኒሙ ቅጠል ሰቅላ እንባዋን በአፍንጫዋ መለሰችው።

በማግሥቱ ጂብሪል ነጭ ጀላቢያውን ለብሶ ከሶላት ሲመለስ፣ ሬሕማ የሥጋ ትሪ ይዛ ከማድ ቤት ወጣች። እንዲያይላት ፈልጋ ነበር፤ ለምን ይዋሻል። አየ። መጀመሪያ ጣቶቿን አየ። ከዚያ ዓይኑ ወረደና እግሯ ላይ ደረሰ። ፊቱ ልክ እንደ አል-ሳሃፋ መብራት፣ ሳይነግራት ድርግም አለ።

«ዒድ ሙባረክ» አለ ለመሬቱ፣ እና ገባ።

ትሪው እጇ ላይ ከበዳት። ወላሂ ያን ቀን ሬሕማ ከእግሯ በቀር ሌላ የሚታይ ነገር እንዳልነበራት ተሰማት፤ እሱም የተጠላ።

ዘጠኙ ቀን እንዲህ ነው ያለፈው። ሬሕማ ሖሹን ትረጫለች፤ ጎማው ከውኃ በቀር ምንም አይጽፍም። ደብተሯንም ንዴት ይዟት ከሣጥኗ ግርጌ ወረወረችው። በአሥረኛው ቀን ሐጃ ነጭ ቀለም በባልዲ አስመጡና፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ የጂብሪል ክፍል ይቀባል አሏት፤ የአጎቱ ልጅ ኢንሻአላህ ከሙሐረም በፊት ትመጣለች።

ሬሕማ ባልዲውን አየች። እንግዲህ ይኼ ነበር ዝምታው። ሰውየው ሊያገባ ነው፣ የቤቱን ሠራተኛ በፊደል ሲያጫውት ከርሞ አሁን ጭምት ሆነ። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና፣

«ሐጃ፣ ልሂድ ብያለሁ» አለች።

ለምን ብለው እንዲጠይቋት ጠብቃ ነበር። የምትመልሰውንም አዘጋጅታ ነበር፤ ሰላ ያለ፣ ሐጃን ለሳምንት የሚያሳክክ። ሐጃ ግን መስበሓቸውን እያዩ፣ «አላህ መንገድሽን ያቅናው፣ ያ ቢት፣ ልጄ» አሏት፣ በቃ። መልሷ አፏ ውስጥ እንዳለ ቀረ።

ዕቃዋን ረክሻ ላይ የጫነላት ጂብሪል ነው። ሣጥኗን እንደ እንቁላል ነው ያስቀመጠው። ሬሕማ ዝም ብላ መሄድ ትችል ነበር፤ ግን አትችልም፤ አልተፈጠረባትም።

«ለአጎትህ ልጅ ሰላም በልልኝ» አለችው።

ጂብሪል ደነገጠ። «አንቺም ለ…» ብሎ ጀመረና ዋጠው። ረክሻው ተነሣ። ወደ ኋላ አልዞረችም፤ እዚያው መቆሙን ግን ጀርባዋ እስከ አስፋልቱ ድረስ አወቀው።

አሚና የአክስቷ ልጅ ናት፤ ከባሏ ከአብዱልወሃብ ጋር ካርቱም ደቡብ ካለችው ካላክላ ከሰፈረች አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ሬሕማን በር ላይ ስታያት አቅፋ ሳመቻት፣ ሣጥኗን ተቀበለች፣ ውኃ አቀረበች፣ ከዚያ ዓይኗ ወደ እግሯ ወረደና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«አንቺ፣ ሳትነግሪኝ አገባሽ?»

ሬሕማ ሉጥፊያ እዚህም ቀድማኝ ደረሰች ወይ ብላ ልትሰድባት ነበር። አሚና ግን እየሣቀች አልነበረም። ቁጭ አድርጋ አስረዳቻት። እዚህ አገር እንዲህ ጠቁሮ እስከ ቁርጭምጭሚት የወጣ ሂና የባለትዳር ሴት ነው። ልጃገረድ ብትቀባ ጣቷን ነው፣ እጇ ላይ አንድ አበባ ነው። እግሯን እንዲህ የተሠራች ሴት ያየ ሱዳናዊ ወንድ፣ ጨዋ ከሆነ፣ ዓይኑን ይሰብራል፤ ሌላ ማስረጃ አይፈልግም።

«እኔም በመጣሁ ዓመት ተሳስቻለሁ» አለች አሚና። «ባለቤትሽ የት ነው እያሉ ስንት ሰው ጠየቀኝ መሰለሽ።»

ሬሕማ እግሯን አየችው። የሉጥፊያ ወሬ፣ የረክሻ ነጂዎቹ መራቅ፣ «አንቺም ለ…» ተብሎ የተዋጠው ቃል፣ ሁሉም አንድ ላይ መጥቶ ደረቷ ላይ ተቀመጠ። ግን ሬሕማ ናትና መጀመሪያ የመጣላት ቁጣ ነው። ታዲያ ምላስ የለውም? አንድ ቃል መጠየቅ እንዴት ያቅተዋል? ሄጄ ላስረዳው? እሱ ይምጣ እንጂ እኔማ ሞቼ ነው፤ ይህን ሁሉ እያለች ሣጥኗን ስታራግፍ ደብተሯ ወደቀ፣ ከደብተሩም መሐል አንድ ተተርትሮ የተዘረጋ የመድኃኒት ካርቶን።

በላዩ ላይ በዐረብኛ የታተመውን አሁን ማንበብ ትችላለች፤ ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ ይላል። ከውስጡ በኩል በአማርኛ ተጽፎበታል። ፊደሎቹ እንደ ሰከረ ሰው አንዱ ሌላውን ተደግፎ ነው የቆመው።

«ሬሕማ። ሰላም ለአንቺ። ይህ ብቻዬን ጻፍኩ። ባል እንዳለሽ አላወቅኩ። ባልሽ ጥሩ ሰው ይሁን። ጥሩ ካልሆነ ለእናቴ ንገሪ፣ እናቴ ኃይለኛ ነው። እኔ ከዛሬ አላይሽም። ማየት ለእኔ ልክ አይደለም። ለፊደል አመሰግናለሁ። ፈ ደርሰናል። ፐ ቀረ። ጂብሪል።»

የተጻፈው በዒድ ሦስተኛ ቀን ነው። ደብተሯ ማድ ቤት መስኮት ላይ ሳለ ከፍቶ ሸጉጦበታል፤ እሷ ደግሞ ሳትከፍተው ከሣጥን ግርጌ ወርውራዋለች። እሱ መልስ ሳላገኝ ቀረሁ ብሎ፣ እሷ ተናቅሁ ብላ፣ በአንድ ሖሽ ሳምንት ሙሉ ሲተላለፉ ከረሙ።

ሬሕማ ደብዳቤውን አንዴ አነበበች። ደገመች። «እናቴ ኃይለኛ ነው» የሚለው ላይ ሣቀች፤ «ፐ ቀረ» የሚለው ላይ ሣቁ አልቆመላትም፣ ግን ሣቅ መሆኑ ቀረ። አሚና ምን ሆንሽ ብላ ብትጠይቃት ካርቶኑን ደረቷ ላይ አጣጥፋ፣ ነገ ጁምዓ ነው አይደል፣ ወደ አል-ሳሃፋ የሚሄደው አውቶቡስ፣ ሐፍላው፣ በስንት ሰዓት ይነሣል አለቻት።

ሐፍላው በስንት ሰዓት እንደተነሣ ሬሕማ አላስታወሰችውም። በሰው በታጨቀ መኪና ከካላክላ እስከ አል-ሳሃፋ ስትሄድ፣ ቢያባርሩኝስ ብላ አንዴ፣ የአጎቱ ልጅ መጥታ ብትሆንስ ብላ ሁለቴ ልቧ ከዳት። ደጁ ስትደርስ ግን በሩ እንደ ወትሮው ገርበብ ብሏል። ሐጃ ከኒሙ ሥር ተቀምጠዋል። ጂብሪል መሰላል ላይ ቆሞ ግድግዳውን ይቀባል፤ ከግድግዳው ይልቅ እሱ ነው የተቀባው።

«አሰላሙ ዐለይኩም» ብላ ገባች። ሁለቱም በደመ ነፍስ መለሱ። ለማንም ምንም ሳትናገር ወደ ቧንቧው ሄደች፣ ጎማውን አነሣች፣ አፉን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ፣ አቧራው ላይ ከመሰላሉ ሥር ጀምራ በትልቁ ጻፈች።

መጀመሪያ ያነበቡት ሐጃ ናቸው። የእጃቸው መስበሓ ቆመ። ጂብሪል ከመሰላሉ ወርዶ ፊደሎቹ አጠገብ ተንበረከከና ጣቱን አስከትሎ፣ ምድር እንዳትቀድመው እየተጣደፈ አነበበ።

«ባ… ል… የ… ለ… ኝ… ም።»

አንገቱን አቀና። ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አየ፤ ከዚያ የደበዘዘውን የእግሯን ሂና።

«እግርሽስ?»

«እኛ አገር ሂና ለዒድ ነው፣ ለባል አይደለም። አንድ ቃል መጠየቅ አቃተህ?»

«ባለትዳር ሴት መጠየቅ ዐይብ፣ ነውር ነው።»

«ጽፈህልኝ የለም እንዴ?»

ጂብሪል ቃል ፈለገ። በአራት ዓመት ልጅ አማርኛው ሲፈልግ ቆይቶ፣ «ጽሑፍ ዓይን የለውም» አለ። «አያይሽም።»

እሱ ጎማውን ከእጇ ተቀበላት። ከእሷ ጽሑፍ ሥር፣ መሬቱ የእሷን መጠጣት ከመጀመሩ በፊት፣ ምላሱን በጥርሱ ነክሶ እንደ ተማሪ ሦስት ፊደል ጻፈ። አንዷ የተንጋደደች፣ አንዷ የወፈረች፣ አንዷ ከሁለቱ የራቀች።

አለሽ።

ሐጃ ሙኒያ ተነሡ። ቀስ ብለው ወደ ጽሑፉ መጡ፤ ሬሕማ ያችን ቃል በእግራቸው ሊያጠፏት ነው ብላ ሠጋች። ሐጃ ግን አጠገቧ ሲደርሱ የተጠቀለሉበትን ቶብ ሰብሰብ አደረጉና ቃሏን ዞረው አለፏት። ሬሕማ ያችን ዙርያ ታውቃታለች፤ እሷም ስትጠርግ የምታልፋት እንደዚያው ነበር።

«ሠላሳ አምስት ዓመት ከቤተሰቤ ይህን ፊደል የጻፈ የለም» አሉ ሐጃ፣ ውኃውን ዘግተው ጀርባቸውን እንደሰጡ። «አሁን ልጄ ጻፈው።» ከዚያ ድምፃቸው ወደ ቁጣ ሊሄድ ሞከረና መንገድ ላይ ቀረ። «የአባትህ ዘመዶች አንዲቷን ሐበሺያ እስከ ዛሬ አልዋጧትም። ሁለት ልትሰጣቸው ነው?»

የመለሰችው ሬሕማ ናት።

«ሁለት ከሆንን ለመልስ አናንስም፣ ሐጃ።»

ሐጃ ዞሩ። ልጅቷን ከእግሯ ጀምረው እስከ ራሷ አዩዋት፤ በተለይ እግሯ ላይ ዓይናቸው ቆየ፣ ከዚያ ሸሸ። ከንፈራቸው ሣቅን እንቢ ሊለው ሞከረ።

«ይቺ ምላስ» አሉ። «ያላ፣ ግቢ። ከፀሐይ ውጪ።»

ሬሕማ ያን ያህል ገራም ትእዛዝ በዕድሜዋ ሰምታ አታውቅም።

ሁለት ወር አለፈ። ሽማግሌዎች ካላክላ ሄደው አብዱልወሃብን እንደ አባት ጠየቁ፤ የከሚሴው አባቷ በስልክ ዱዓ አደረጉ። የመደኒዋ የአጎት ልጅ፣ ለካ ልቧ ሌላ ጋ ነበርና፣ ከሁሉ በፊት እልል ያለችው እሷ ናት። «ፐ»ም ተጻፈች፤ አስተማሪዋም ተማሪውም እስኪጠግቡ ድረስ።

ለሠርጉ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ፣ አሚና ግቢ ውስጥ ሬሕማ ትራስ ተደግፋ ተቀመጠች። ሉጥፊያ ዘንቢሏን ይዛ መጥታ ነበር። ሐጃ ሙኒያ የተሠራውን እግር ጉልበታቸው ላይ አድርገው በሰሌን ማራገቢያ ያራግባሉ፤ ያ የዐረፋው ማራገቢያ ነው። ሙቀቱና የማራገቡ ምት አሸንፏቸው ዓይናቸው ክድን ክድን ይላል፤ እጃቸው ግን አይቆምም። ሬሕማ ከሳምንት ወዲህ «እማ» ነው የምትላቸው። ማንም ሳያዛት የወጣላት ቃል ነው።

ሉጥፊያ ሁለተኛው እግር ላይ ጎንበስ እንዳለች ለግቢው ሴቶች ትተርካለች። ባል አላት ስል ከርሜ ስትስቁብኝ ነበር፣ ይኸው፤ ቀደምኩ እንጂ አልዋሸሁም አለች። ሴቶቹ ሣቁ። ሬሕማም ሣቀች፣ ከዚያ ለጨዋታ ያህል፣ ለመሆኑ ያን ወሬ ከየት አመጣሽው ብላ ጠየቀቻት።

ሉጥፊያ የሂናውን ጫፍ እስከ ቁርጭምጭሚቷ አወጣችና ወደሚያራግቡት ሴትዮ በአገጯ አመለከተች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ የተኛ ሰው እንዳትቀሰቅስ ነው እንጂ ምሥጢር መስሏት አይደለም።

«ከሐጃ ነዋ። ልጃገረድ አይደለችም ወይ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር እኮ ያን ዕለት። ‹ባሏ አገሯ ነው› አሉኝ። ‹እስከ ቁርጭምጭሚቷ አውጪው፣ በደንብ ይጥቆር፤ ጂብሪል ከሶላት ሲመለስ መጀመሪያ እሱን ይየው።›»